«እውነት እኔ ነኝ የማመጣው?»

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። 31 ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ከአራት ወር በፊት ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ ልቤ በድንገት ድው ድው ማለት ጀመረ። ትንፋሽ አጠረኝ። ጣቶቼና የከንፈሬ ዙሪያ ደነዘዘ። «በቃ ሞትኩ» አልኩ። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፤ ልቤም ደሜም ተመረመረ። «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው፣ አታስብ» ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። አሁን ከበር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዝቼ በየደቂቃው አያለሁ። ባለቤቴ «አንተው ነህ የምታመጣው» ትለኛለች። እውነት እኔ ነኝ የማመጣው?
በር አጠገብ የምቀመጠው

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ምንም የለብህም» እና «ጭንቀት ነው» አብረው አይሄዱም። ጭንቀት ከሆነ የሆነ ነገር አለብህ ማለት ነው፤ «ፓኒክ አታክ» (ድንገት የሚመጣ የፍርሃት ማዕበል) የሚባል ስምም ሕክምናም ያለው ነገር ይመስለኛል። «አታስብ» ተብሎ ማሰብ ያቆመ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ነርስ ሆኜ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ታማሚዋ እኔ ነበርኩ። የጀመረኝ ፈተና ላይ ተቀምጬ ነው። ያኔ እንዳንተ ያለ ሰዓት አልነበረኝም፤ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልቤን ምት ስቆጥር እውል ነበር። አንገቴ ከመነካካት ብዛት ቀልቶ ሰው «ምን ነከሰሽ?» ይለኝ ነበር።

ጣትህ ለምን እንደሚደነዝዝ ልንገርህ፤ እኔን ያሳረፈኝ እሱን ማወቄ ነው። ስትደነግጥ ሰውነትህ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል። ልብህ ይፈጥናል፣ ትንፋሽህም ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ከደምህ ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣት የሚያደነዝዘው፣ ራስ የሚያዞረው እሱ ነው። የሚገርመው፣ ኦክስጅን ሞልቶህ እያለ አየር ያነሰህ ይመስልሃል። ስለዚህ ይበልጥ ትስባለህ፣ ይበልጥ ትደነዝዛለህ።

ያከመችኝ ባለሙያ አንድ ቀን ወንበር ላይ አስቀምጣ «ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ» አለችኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ቤቱ ዞረብኝ። ያ «ሊገድለኝ የመጣው» ነገር ራሱ ነበር። ሳቄ መጣ። (ይህን ብቻህን አትሞክረው፤ በተለይ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው እንዳይነካው።)

እንግዲህ ሲመጣብህ «በረጅሙ ሳብ» የሚሉህን አትስማ። ዋናው ማስወጣቱ ነው። በአፍንጫህ አራት እስክትቆጥር በቀስታ አስገባ፣ ስድስት እስክትቆጥር አስወጣ። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል።

አስቸጋሪው እሱ ሲወርድ ወንበርህ ላይ መገኘት ነው። ተነስተህ ከወጣህ ልብህ ይረጋጋል፤ ያዳነህ ግን በሩ ይመስልሃል። በሚቀጥለው ጊዜ በር ትፈልጋለህ፣ ከዚያ ስብሰባውን ራሱን መቅረት ትጀምራለህ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን ስታየው ትደነግጣለህ፣ ስትደነግጥ ቁጥሩ ይጨምራል። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ ይኸው፦ ወደህ አታመጣውም። እንዲቆይ የሚያደርጉት ነገሮች ግን በእጅህ ናቸው። ለእሷም ንገራት፤ ሲይዝህ «አንተው ነህ» ከምትል አጠገብህ ቁጭ ብላ «አሥር ደቂቃ ነው፣ አለሁ» ብትልህ ይበቃል።

ቡናንም ቀነስ አድርግ። ግማሹ ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ የጠጣኸው ማታ ልብህን ይቀሰቅሰዋል። የደም ምርመራህ ውስጥ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርና የደም ማነስ ታይተው እንደሆነም ጠይቅ፤ ሁለቱም ጭንቀት ይመስላሉ። ደረትህ ደረጃ ስትወጣ ወይም ስትሠራ የሚያምህ ከሆነ፣ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይም መንጋጋህ ከሄደ፣ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ትንፋሽ መቁጠሩን ተወውና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂድ።

ለብቻህ ካቃተህ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂድ። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የንግግር ሕክምና ጥሩ ይሠራል። መድኃኒት ካዘዙልህ፣ የተለመዱት ለውጥ እስኪያሳዩ ሳምንታት ይፈጃሉ፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብለህ እንዳትጥለው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ከበሩ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ መሀል ግባ አላልኩህም። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህበት ግባ። እንዴት እንደነበር ጻፍልኝ።