ከሳዑዲ ወደ ገጠር ስልክ በርካሽ መደወል፤ ለጠየቅሽው እህት

እታለም፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ወንድምሽ ጅዳ ነው፣ እናታችሁ ሞጣ አካባቢ ገጠር ናቸው፣ ወደ እሳቸው የሚያስደውል ርካሽ የኢንተርኔት ስልክ የቱ ነው ብለሻል። የእኛም ቤት ነገር እንደናንተው ነው። እህቴ ሪያድ ናት፣ አባቴ ወምበርማ ገጠር ነው፣ እኔ ቡሬ ነኝ።

ሰው ሁሉ «ዋትስአፕ አለ አይደል እንዴ?» ይልሻል። ለእኔና ለእህቴማ እንዲህ ያለ ነፃ ጥሪ አይጠፋም። የዋትስአፕ ጥሪ ሳዑዲ ላይ ባይሠራ እንኳ እንደ ቴሌግራምና ኢሞ ያሉትን መሞከር ይቻላል፤ የምንከፍለው የዳታ ብቻ ነው፤ የድምፅ ጥሪ ደግሞ ብዙ ዳታ አይበላም። ለዚህ ምክር አያስፈልግሽም። ጣጣው ያለው ባለቁልፍ ስልክ የያዘ ወላጅ ጋ ነው፤ እናትሽም የያዙት እሱን ይመስለኛል።

2015ንም አትርሺ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አማራ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ብዙ ወራት ሲቆይ፣ ውድ ስልክ የያዘውም ከአባቴ እኩል ሆነ። ተራ ጥሪ በሚሠራበት ቦታና ሰዓት ከውጭ የቤተሰቡን ድምፅ መስማት የቻለው፣ በቀጥታ ወደ ስልክ ቁጥር የሚያስደውል አገልግሎት የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ወንድምሽ ነፃውን ይጠቀም፤ ግን ከጎኑ አንድ የሚከፈልበት የግድ ይኑረው።

አሁን ወደ ምርጫው።

1. የደቂቃ ዋጋ ብቻ አይታችሁ አትግቡ። ወደ አሜሪካ በደቂቃ ከ2 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ የሚያስደውል ድርጅት ሞልቷል፤ ያው ድርጅት ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ምክንያቱም ድምፁ በኢንተርኔት መጥቶ መጨረሻ ላይ የእኛ አገር መስመር ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዚያ መግቢያ ደግሞ የውጭው ድርጅት በዶላር ይከፍላል። እንግዲህ አንዱ ከሁሉም በጣም ወርዶ ካገኛችሁት፣ ገንዘቡን በሌላ በኩል እየወሰደ ነው ማለት ነው። የማገናኛ ክፍያ አለው ወይ? ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ ያጠጋጋል ወይ? ቀሪ ሒሳብ በስንት ቀን ይቃጠላል? እነዚህን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ታች ነው የሚጻፉት። ለምሳሌ አንዱ በደቂቃ 15 ሳንቲም ይልና በየጥሪው 50 ሳንቲም ማገናኛ ይቆርጣል። ሌላው 22 ሳንቲም ብሎ ሌላ ምንም የለበትም። ሁለት ደቂቃ ብትደውሉ የመጀመሪያው 80 ሳንቲም፣ የሁለተኛው 44 ሳንቲም ነው። የገጠር ጥሪ ደግሞ እየተቆረጠ ደጋግሞ የሚደወል ስለሆነ፣ ማገናኛ ክፍያ ያለበትን ጭራሽ አትንኩት።

2. ሳይነሳ የሚቆጥር አገልግሎት አለ። ይሄን ማንም አይነግርሽም። እህቴ ሪያድ ካለ አንድ ሱቅ «ወደ ኢትዮጵያ በጣም ርካሽ» የተባለ አፕ ተጭኖላት፣ ቦነስ አለው ተብሎ 50 ዶላር በአንዴ ሞላች። አባቴ ስልኩን የሚሞላው በሶላር ነው፤ ክረምት ላይ ፀሐይ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ጠፍቶ ይውላል። እሷ ስትደውል ይጠራል፣ ቀጥሎ ያቺ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትል ድምፅ ትመጣለች፣ አፑ ላይ ግን ደቂቃው መቁጠር ጀምሯል። ያልተነሳ ጥሪ እንደተነሳ አድርገው ያስከፍሏታል! እሷ ምስኪን ኔትወርክ ነው ብላ ደጋግማ ትሞክራለች፤ ሒሳቡ እያለቀ ነው። እኔ ነገሩ ስላልገባኝ የጥሪ ዝርዝሩን ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ አደረግሁ፤ ከዚያ አባቴ ሽንዲ ገበያ ሲመጣ ከእሱ ስልክ ጋር አስተያየሁት። በዚያ ሰዓት አንድም የገባ ጥሪ የለም። እነሱ ዘንድ ግን ተመዝግቦ ተከፍሎበታል።

ለደንበኞች አገልግሎታቸው ጻፍን። «ሲስተማችን ጥሪው መነሳቱን ያሳያል» አሉ። ማስረጃውን ስንልክ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው ላኩ፤ ከዚያ ውይይቱን ዘጉት። የሸጠላት ሱቅ ስትሄድ ሰውየው በሰው ፊት ጮኸባት፣ «አባትሽ ስልክ ማንሳት አይችልም» አላት። ሰው ቤት ስትሠራ ውላ ላገኘችው ገንዘብ እንዲህ ተባለች። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ክርክሩ ሳያልቅ የቀረው ሒሳብ «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ተቃጠለ። አንድ ሳንቲም አልመለሱም።

ከዚያ ወዲህ መፈተኛ አወጣሁ፤ በዚህ እኮራለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ ውጭ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ከመሙላቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣል። ወንድምሽ ትንሹን መጠን ብቻ ይሙላ፣ የ5 ዶላር ካለ የ5 ዶላር። አንቺ ያንቺን ስልክ አጥፊና ይደውልልሽ። ጠፍቶ እያለ ሒሳብ ከቀነሰ፣ ያን አፕ በዚያው ቅጽበት ያጥፋው። ቀጥሎ አብሪውና አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰኮንድ አውሩ፤ የሁለት ደቂቃ ከቆረጠ የሚያጠጋጋ ነው።

3. ሲደወል እናታችሁ ስልክ ላይ የሚወጣውን ቁጥር እዩ። ከውጭ እየተደወለ የአገር ውስጥ 09 ቁጥር ከወጣ፣ ጥሪው የገባው በስውር፣ ብዙ ሲም በታጨቀበትና ጥሪውን የአገር ውስጥ በሚያስመስል ሳጥን ሳይሆን አይቀርም። አባቴን አንድ ጊዜ እንዲህ ተደውሎለት፣ መስመሩ ሲቆረጥ ልጄ ናት ብሎ መልሶ ደወለ፤ የማያውቀው ሰው አንስቶ ተቆጣው፤ ሽማግሌው ልጄን ምን ሆነችብኝ ብሎ እንቅልፍ ሳይተኛ አደረ። በዚያ ላይ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 እንዲህ ዓይነቱ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ ሲሞቹ ሲደረስባቸው ይዘጋሉ፤ ወሬ መሀል ጭጭ የሚለው ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ የሚያስገባ አገልግሎት ምንም ያህል ቢረክስ ይቅርባችሁ።

ስካይፕ ይሻላል የሚል ካገኘሽ አትድከሚ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ተዘግቷል። ኤሚሬቶች ዘመድ ካላችሁ ደግሞ የሳዑዲውን ምክር እንዳለ አትውሰዱት፤ ሳዑዲ መስፈርቷን ላሟሉ አፖች የኢንተርኔት ጥሪን ከ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ ፈቅዳለች፣ ኤሚሬቶች ግን የዋትስአፕ ጥሪን ዘግተዋል፤ እዚያ እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱትን ነው የሚጠቀሙት። በቪፒኤን (የተዘጋውን በሚያሳልፍ አፕ) ልለፍ የሚለውን አስጠንቅቁት፤ ሕጋቸው ከባድ ነው።

ቁጥሩን ሲጽፍ +251 ብሎ ዜሮዋን ይተዋት። ዋጋ ሲያይም «ኢትዮጵያ» የሚለውን ብቻ አይቶ አይለፍ፤ ሞባይልና የቤት ስልክ ተለያይተው የሚጻፉበት አለ። የእናታችሁ 09 ይሁን 07 ሳፋሪኮም፣ ወይም የጎረቤት 058 የቤት ስልክ፣ ዋጋው በየራሱ ይታይ። ምሽት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት መስመሩ ይጨናነቃል፤ እኛ ጠዋት አባቴ ከብት ሳያወጣ ነው የምናወራው፤ ድምፁም ጥርት ይላል።

ወንድምሽ አሁን የያዘው አፕ ካለ፣ የአንድ ሳምንቱን የጥሪ ዝርዝር ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የሰው ስልክ ቁጥር ሸፍኚበት። የት ላይ እንደሚቆርጥባችሁ አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ትልቅ ብር እንዳይሞላ ዛሬውኑ ንገሪው።