ባዶ ሜዳ የለም፦ በድንኳን ስለማደር ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከወሎ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ሰሞኑን የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው። ቅዳሜና እሑድን ወይም የበዓል ቀናትን ከከተማ ወጥቶ በድንኳን ማደር እየተለመደ መምጣቱ ደስ የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ፣ ከድንኳኑ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚገባው ጨዋነት ግን ወደ ኋላ ቀርቷል ይላሉ ጸሐፊዎቹ። ከደብዳቤዎቹ የተወሰኑትን መርጠን ከነመልሶቻቸው እነሆ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከነቤተሰቦቻችን ሐይቅ ሄደን ውሃው ዳር ድንኳን ተክለን አድረን ነበር። ልጆቹን አስተኝተን እሳት ዙሪያ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው መጥቶ ከአጠገባችን ሰፈረ። ጄኔሬተር አስነሡ፣ ትልቅ ስፒከር አወጡ፣ የመኪናውን መብራት ወደ ድንኳኖቻችን አዙረው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲጨፍሩ ቆዩ። ሄጄ ብለምናቸው አንደኛው «ቦታው የመንግሥት ነው፤ ጸጥታ ከፈለግህ ቤትህ ተኛ» አለኝ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቅር መሰኘትዎ ተገቢ ነው። የተሰጠዎት መልስ ግን በሌሎች ደብዳቤዎችም በአንድ ወይም በሌላ መልክ ተደጋግሞ ስለመጣ ጥቂት ልንቆምበት ይገባል። ቦታው የመንግሥት ወይም የሕዝብ ከሆነ፣ መጨፈር ለሚወደው የተሰጠው መብት መተኛት ለሚፈልገውም ተሰጥቷል ማለት ነው። ከከተማ የወጣ ሰው ማንም ወደሌለበት ምድር የሄደ ይመስለዋል፤ አብዛኛው የካምፕ ጥፋት የሚመነጨውም ከዚህ አስተሳሰብ እንጂ ከክፋት አይደለም ብለን እናምናለን። ወሎ ውስጥ ግን ባዶ ሜዳ የለም። ሜዳው የአንድ ቀበሌ የግጦሽ መሬት ነው፣ ውሃው የከብቶች መጠጫ ነው፣ ጫካው የአንድ ደብር ወይም የአንድ መስጊድ ቅጥር ነው፤ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ የአንድ ፍጥረት ጎሬ ነው።

የድንኳን ሸራ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከልልም። በሐይቅ ዳር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከውሃው በላይ ያለው አየር ቀዝቀዝ ሲልና ከእርሱ በላይ ያለው ሞቅ ብሎ ሲቀር፣ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ ይገባው የነበረው ድምፅ ወደ ታች እየታጠፈ ውሃውን ተከትሎ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። ስለዚህ በአንዱ ዳርቻ የተከፈተ ስፒከር የሚረብሸው አጠገብ ያለውን ድንኳን ብቻ አይደለም፤ ማዶ ያለው ገበሬም ይሰማዋል። ወደ ውሃው በገባው መሬት ላይ ባለው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ባደረጉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለሌሊት ጸሎት የቆሙ መነኮሳትም ይሰሙታል። በብዙ አገሮች የካምፕ ሥፍራዎች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ ጄኔሬተር ማስነሣትና ሙዚቃ መክፈት የሚከለከለው በከንቱ አይደለም፤ ይህንኑ ልማድ ማንም ሳያስገድደን ልንወስደው እንችላለን።

ወደ ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ጭፈራው ሳይጀመር በፊት ያለው ነው። አዲስ ሰፋሪ ሲመጣ መኪናው ገና ዕቃ እያራገፈ ሳለ አንድ ሰው ሄዶ «እንደምን አመሻችሁ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ ቡናችን አልተነሣም፣ ኑ አንድ ስኒ ቅመሱ» ቢላቸው፣ ከዚያም በጨዋታ መካከል ሕፃናት እንደተኙ ቢነግራቸው፣ በቡና የተዋወቁትን ጎረቤት መረበሽ ለአብዛኛው ሰው ይከብደዋል። ጭፈራው ከተጀመረ በኋላ ከሆነም አምስት ሆናችሁ ሳይሆን አንድ ሰው፣ ቢቻል በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ይሂድ። ስለ ጨዋነታቸው ማነስ ከመናገር ይልቅ የሚፈልጉትን በቁርጥ ይጠይቁ፦ «ወንድሞቼ፣ መብራቱን ወደዚያ ብታዞሩልን፣ ድምፁንም ቀነስ ብታደርጉልን።» መብራት ማዞር ቀላል ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እሺ ይሉታል፤ አንዱን እሺ ያለ ሰውም ሁለተኛውን እምቢ ለማለት ያፍራል። መጠጥ የገባበት ቡድን ሆኖ ክፉ ቃል ከተመለሰልዎ ግን እርስዎ እንዳደረጉት መመለሱ ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቦታው ጥበቃ ወይም የአስተዳዳሪው ነው፤ ስለዚህ ድንኳን ከመትከልዎ በፊት ጥበቃው ማን እንደሆነና በሌሊት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ለሚያመሹት ደግሞ የምንለው አለን። በጨለማ መድረስ ግድ ከሆነ ከሌላው ድንኳን ራቅ ብላችሁ ስፈሩ፣ የመኪናውን መብራት አጥፉና በግንባር ባትሪ ሥሩ፤ የግንባር ባትሪውንም ሰው ስታናግሩ ከፊቱ ላይ ወደ መሬት ዝቅ አድርጉት። ሐይቁን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ሐይቅ ወደ ሌላ የሚፈስ መውጫ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ሳሙና፣ ዘይትና ቆሻሻ እዚያው ይቀመጣል። ድስት የሚታጠበው ውሃ ተቀድቶ ከዳርቻው ራቅ ተብሎ ነው። ለመጸዳዳትም ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በመጨረሻም አፈሩን መልሶ መድፈን ያስፈልጋል። ለዚህ አንዲት ትንሽ ዶማ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከውጫሌ አካባቢ የምጽፍ መምህር ነኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ከከተማ የመጡ ወጣቶች በአባቴ አውድማ ላይ ድንኳን ተክለው አደሩ። መሐሉ ላይ እሳት አንድደው፣ ሃይላንድና ጠርሙስ በትነው በማለዳ ሄዱ። አባቴ «እንግዳ ናቸው፣ ተዋቸው» ብለው ዝም አሉ እንጂ በጣም አዝነዋል። ልጆቹ ያጠፉት አውቀው ይሆን? (ከአምባሰል)

መልስ፦ አውቀው ነው ለማለት ያስቸግራል። ከከተማ ለመጣ ሰው አውድማ ለድንኳን ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ ይመስላል፤ ክብ ነው፣ ደልዳላ ነው፣ ድንጋይና ሣር የለበትም፣ ነፋስም ያገኛል። ነፋሱ ግን የተፈለገው እህሉን ከገለባ ለመለየት ነው፤ ደልዳላነቱም የመጣው በብዙ ድካም ነው። ለማያውቁት አንባቢያን እንግለጽ። ገበሬው ቦታውን ጠርጎና ደምድሞ ካበቃ በኋላ ቤተሰቡ እበት በውሃ በጥብጦ ይለቀልቀዋል፤ ሲደርቅ መሬቱ ቆዳ እንደለበሰ ሆኖ አፈሩ ከእህሉ ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላል። በዚያ ላይ የድንኳን ካስማ ሲቸነከር ልቅላቂው ይሰነጠቃል፣ እሳት ሲነድበት ይፈረፈራል። የጤፍ ፍሬ ደግሞ ከሁሉ እህል የደቀቀች ስለሆነች ከእርሷ ጋር የተቀላቀለ አሸዋ፣ አመድ ወይም የጠርሙስ ስባሪ በወንፊትም በሰፌድም በቀላሉ አይለይም። አባትዎ ያዘኑት ለአንድ ሌሊት ማደሪያ አይመስለንም፤ ልቅላቂውን እንደገና ለመሥራት እበት መሸከምና ውሃ መቅዳት የሚጠብቃቸውን የቤት ሰዎች አስበው ነው።

የባለአገሩን ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። በአገራችን፣ በወሎም በተለይ፣ በደጁ የሰፈረውን እንግዳ ማስነሣት ነውር ስለሆነ፣ የተበደለው ሰው «አብሽር» ብሎ ያልፈዋል። ይህን ደግነት አውቆ ሸክሙን ማቅለል የእንግዳው ፋንታ ነው። ድንኳን ከመዘርጋት በፊት መጀመሪያ የተገኘውን ሰው፣ እረኛም ቢሆን፣ ሰላም ብሎ «ይህ ቦታ የማን ነው? ብናድርበት ቅር ይለው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ባለቤቱ ቤት ሄዶ ስምን ተናግሮ ማስፈቀድ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከአውድማው የተሻለ ቦታ ራሱ ባለቤቱ ያሳያችኋል። ክፍያ መስጠት የሚፈልግም ካለ ለልጆች ብር ከመበተን ይልቅ ለቤቱ አባወራ ወይም እማወራ በክብር ይስጥ፤ ስኳርና ቡና ይዞ መሄድም ያምራል። አዝመራ ባልተነሣበት ወቅት ደግሞ በእርሻ ድንበር ላይ እንኳ ድንኳን መትከል አይገባም።

እሳቱን በተመለከተ አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፍምን በአፈር መሸፈን ማጥፋት አይደለም። አፈሩ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዘው ፍሙ ለብዙ ሰዓት ሳይጠፋ ይቆያል፤ ጠዋት በባዶ እግሩ ከብት እየነዳ የሚያልፍ ልጅ ደግሞ ከታች እሳት እንዳለ አያይም። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ፣ በመጨረሻም በመዳፋችሁ ዳሱት፤ እጅ የማይችለው ከሆነ ገና አልጠፋም። ሃይላንድና ፌስታል በእሳቱ ላይ መጣልም ጢሱ መርዛማ ከመሆኑ በላይ የቀለጠው ፕላስቲክ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ሄዶ ቆሻሻን ሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ ከባድ አይደለም።

መምህር፣ ወጣቶቹን የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡት ቢያደርግ ደስ ይለናል። ተመልሰው አባትዎን ይቅርታ ቢጠይቁና አውድማውን በመለቅለቅ ቢያግዙ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ካሣ የለም።

ጥያቄ፦ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆነን አብረን በድንኳን ልናድር ነው። ሥጋ ይዘን እንሂድ ወይስ ይቅር? ማንም ቅር እንዲለው አንፈልግም። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናቶቻችሁ ለሠርግና ለድግስ የሚያደርጉትን አድርጉ። ሥጋ ካስፈለገ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት እሳት ይኑር፤ ዕቃውም በጉዞ ላይ እንዳይቀላቀል ከቤት ሲወጣ ለየብቻው ይታሰር። ይህ አድካሚ ከመሰላችሁ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ሁላችሁንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣችኋል፤ የጾም ቀን ሲሆንም ሐሳብ አይሆንባችሁም። ጉዞው በረመዳን ከሆነ ለስሑር የሚነሡት ቀስ ብለው ይነሡ፣ የሌሎቹ ድርሻ ደግሞ ዕቃውን ማታውኑ በቅርብ ማዘጋጀትና ቀን ላይ ራቅ ብሎ መብላት ነው። መጠጥን በሚመለከት የማይጠጣው ሳይጠየቅ በፊት መጠጡ አይከፈት።

ጥያቄ፦ በጥር ወር ከዘመዶቻችን ጋር ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ልንወጣ አስበናል። የባለቤቴ ወንድም ውሻውን ይዞ ልሂድ ይላል፤ ከጅብ ይጠብቀናል ነው ምክንያቱ። ለብርዱም ከዚያው አስታ ቆርጠን እናነዳለን ብሏል። እኔ ልክ አልመሰለኝም፤ ግን የምመልስለት አጣሁ። (ከወልዲያ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልክ አልመሰለኝም ማለትዎ ትክክል ነው፤ የሚመልሱለትም አለ። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ከሚኖርባቸው ጥቂት ተራሮች አንዱ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። ለእነዚህ እንስሳት ከጥይት ይልቅ የሚያሰጋቸው የቤት ውሻ ነው። በውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው ሕመም በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ እየገቡ ብዙ ቀበሮ ጨርሰዋል። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ተሰባስቦ ስለሚኖርና እርስ በርሱ ስለሚሳሳም አንዱ ከታመመ መንጋው ሁሉ ይታመማል። በወሎ ተራሮች ያለው ቁጥር ደግሞ ከባሌው በጣም ያነሰ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚችልበት አቅም የለውም። ውሻው የተከተበ ቢሆን እንኳ ይጮኻል፣ ያሳድዳል፣ ቀበሮው የሚመገባቸውን አይጦች ከጉድጓዳቸው ያስደነግጣል። ከጅብ የሚጠብቃችሁ ምግባችሁን በሚገባ መክደናችሁ፣ የሥጋ ትራፊ አለመጣላችሁና የአካባቢውን አስጎብኚ ይዛችሁ መሄዳችሁ ነው።

አስታም ቢሆን በዚያ ከፍታና በዚያ ብርድ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ነው፤ በአንድ ምሽት የሚነደው ግንድ ብዙ ዓመት የወሰደ ነው። ቅጠሉና ቅርንጫፉ በደረቅ ወቅት ቶሎ ስለሚቀጣጠል በጥር ወር ነፋስ አንዲት ፍንጣሪ ተራራውን ልታነድደው ትችላለች። ለምግቡ የጋዝ ምድጃ፣ ለብርዱ ደግሞ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ፍራሽና ጋቢ ይያዙ፤ በዚያ ወቅት ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ከመሬት የሚመጣው ብርድ ከላይ ካለው ይብሳል። ልጆቹ ጭላዳ ሲያዩ ዳቦ መወርወር ያምራቸዋልና አስቀድመው ይከልክሏቸው፤ ጭላዳ የሚኖረው ሣር እየጋጠ ነው፣ የሰው ምግብ የለመደ ደግሞ ወርዶ የገበሬውን ገብስ ይነካል፣ ዱላውም የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ለባለቤትዎ ወንድም ይህን ሁሉ ሲነግሩት ውሻው ወልዲያ ከማን ጋር እንደሚቆይም አብረው ያሰናዱለት፤ ለውሻው አሳቢ ሳያገኝ ተወው ቢባል ቅር ይለዋል።