81 ወይስ 66? ስለ ሃይማኖት ልዩነትና ስለ ንባብ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ ተዋሕዶ ነኝ። የሌሎቹን እምነት ግን እነሱ ራሳቸው በሚሉት መልክ ለማቅረብ እጥራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81 መጻሕፍት አሉት፤ የፕሮቴስታንት ጓደኛዬ 66። ማን ቀነሰ? ማን ጨመረ? (እህታችሁ ከሐዋሳ)

በአንድ ሌሊት የቀነሰም የጨመረም የለም። የግሪኩ ብሉይ ኪዳን በዕብራይስጡ የሌሉ መጻሕፍት ነበሩት፤ እነ ሲራክ፣ ጦቢት፣ ዮዲት። የፕሮቴስታንቶቹ ተሐድሶ መሪ ሉተር በ1534 ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ አልጣላቸውም። ለንባብ ይጠቅማሉ ብሎ በብሉይና በሐዲስ መካከል ለብቻ አስቀመጣቸው። ካቶሊኮች በ1546 በትሬንት ጉባኤ አጸደቋቸው፤ የእነሱ ቁጥር 73 ነው። የለንደኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ደግሞ በ1826 እነዚህን መጻሕፍት ላለማሳተም ወሰነ። የአባ አብርሃምን የአማርኛ ትርጉም በ1840 ያሳተመው ይኸው ማኅበር ነው። ስንት ሰው በአማርኛ 66ቱን ብቻ እያነበበ ያደገበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የእኛው ሄኖክና ኩፋሌም አሉት። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ ሙሉውን የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 ላይ ይጠቅሰዋል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጓደኛሽ ግን «ጳውሎስም በአቴና የግሪክ ባለቅኔ ጠቅሷል» ብትልሽ ዝም ብለሽ አትናቂያት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት የሁለታችሁም ናቸው። ከእነሱ ብትጀምሩ ለዓመታት የሚበቃ ንባብ አላችሁ።

ጥያቄ፦ «ሞኖፊዚት» (አንድ ባሕርይ ብቻ ባዮች) ይሉናል። ልክ ናቸው?

አይደሉም። ስሙ የሚገባው ለአውጣኪ ትምህርት ነው፤ የክርስቶስ ሰውነት በመለኮቱ ተዋጠ ለሚለው። አውጣኪን እኛም እናወግዛለን። ክርስቶስን «በሁለት ባሕርይ» ያለውን የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበልነው በቅዱስ ቄርሎስ ቃል ስለጸናን ነው፦ ሥጋ የሆነ የእግዚአብሔር ቃል አንድ ባሕርይ ነው፤ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት። ካህኑ ከቁርባን በፊት የሚናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለዓይን ጥቅሻ እንኳ አልተለየም ይላል። በ1973 የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው ብለው በጋራ ፈርመዋል። ግብፆቹ በዚህ ነገር ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። ስለዚህ ስድቡን ትተን ትምህርቱን ብንነጋገር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ካቶሊኮች በግእዝ ይቀድሳሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በአዲስ አበባና በአዲግራት ሥርዓቱ የግእዝ ነው። በደቡብ አብዛኞቹ የላቲኑን ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» ብዬ፣ ጸልዬም ሱቅ ከፈትኩ። ከሰርኩ። ቃሉ ለእኔ አልሠራም ማለት ነው?

ወንድሜ፣ በጣም አዝኛለሁ። ጥቅሱን ታክሲ ላይ ተለጥፎ፣ ቲሸርት ላይ ታትሞ ስታየው ነው የኖርከው። እስቲ ፊልጵስዩስ 4ን ግለጥና ከቁጥር 13 ሳይሆን ከ10 ጀምር። ጳውሎስ የታሰረ ሰው ነው። ፊልጵስዩሶች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለት ያመሰግናቸዋል። ቁጥር 12 ላይ «መጥገብንና መራብንም መብዛትንና መጉደልን ተምሬአለሁ» ይላል። «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መክሰርም እዚያ «ሁሉ» ውስጥ አለ። ጥቅሱ የተጻፈው ላንተ ዓይነቱ ቀን ነው። ትርፍ እንደሚመጣ ቃል የገባልህ ሰው ካለ፣ ቁጥር 12ን ዘሎብህ ነው።

በየቤተ እምነቱ የማየው ትልቁ ችግር ይሄ ነው፤ አንዷን ቁጥር መንጭቆ መሮጥ። የእኛ የትርጓሜ መምህራን እንዲህ አያደርጉም። መጀመሪያ ንባቡ ይነበባል፣ ቃል በቃል ይተረጎማል፣ ታሪኩ ይነገራል። «አንድም» እየተባለ ሌላ ሌላ ፍቺ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ለዓመታት መምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ጃንደረባውም በሠረገላው ላይ ኢሳይያስ 53ን እያነበበ ፊልጶስን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። ፕሮቴስታንቶችም «መጽሐፍ ብቻ» ሲሉ እያንዳንዱ ለብቻው ይተርጉም ማለታቸው አይደለም፤ ሉተር ራሱ በ1529 ሁለት የማስተማሪያ ካቴኪዝም ጽፏል። ይህን የሚረሱት አንዳንድ የዛሬ ሰባኪዎች ናቸው፤ የእኛዎቹም ጭምር።

ጥያቄ፦ ጂዳ ነው የምሠራው። ቤተ ክርስቲያን የለም። ማታ ማታ ከጴንጤ እህቶች ጋር በስልክ መጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ኃጢአት ነው? ምልጃ ላይ ስንደርስ ደግሞ እንጣላለን።

እህቴ፣ አብሮ ማንበብ አብሮ መቁረብ አይደለም። አንብቡ። ማርቆስን ከምዕራፍ 1 እስከ 16 ጨርሱት፤ አጭር ነው፣ ድካም ላይም ያስኬዳል።

ምልጃ ላይ እነሱ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5ን ያነሳሉ፦ መካከለኛው አንድ ነው። ትክክል ነው፤ የሚያድን ክርስቶስ ብቻ መሆኑን እኛም እናምናለን። አንቺ ደግሞ ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢላቸው፤ ጳውሎስ ስለ ሰው ሁሉ ምልጃ እንዲደረግ ያዛል። እንግዲህ የምንለያየው ያንቀላፉት ቅዱሳን ይጸልዩልናል ወይ በሚለው ነው። እኛ ራእይ 5፥8ንና ሉቃስ 20፥38ን ይዘን «አዎ» እንላለን። እነሱ «ለምኗቸው የሚል ግልጽ ትእዛዝ አሳዩን» ይላሉ። ይህ በአንድ ማታ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ጥያቄውን ጻፊው፤ አንቺ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ጠይቂ፣ እነሱም ፓስተራቸውን ይጠይቁ። በሚቀጥለው ማታ ግን ካቆማችሁበት ምዕራፍ ቀጥሉ።