ስሌቱ ስለከበደኝ ኬሚስትሪን ልተው?

የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነህ። የኬሚካላዊ ሚዛንና የሟሚነት ስሌት ሁለት ጊዜ ጥሎሃል። አባትህ «ኬሚስትሪ አያበላም፤ የሒሳብ አያያዝ ተማር» ይላሉ፤ ክፍያህን የሚችለው ታላቅ ወንድምህ ነው፤ እንግሊዝኛህም ያሳስብሃል። ይህ ሁሉ ይገባኛል። «ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም» የምትለዋ ግን አናደደችኝ።

ከደብዳቤህ ጋር የላክኸውን ስሌት አየሁት። የካልሲየም ፍሎራይድ የሟሚነት ቋሚ፣ ማለትም ጨው እስከሚችለው ሲሟሟ በውኃው ውስጥ የሚገኙት አዮኖች (ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) መጠን ብዜት፣ 3.9 × 10⁻¹¹ ተብሎ ተሰጥቶህ በአንድ ሊትር ውኃ ምን ያህሉ እንደሚሟሟ ተጠይቀሃል። አንተ ስኩዌር ሩቱን ወስደህ 6.2 × 10⁻⁶ ሞል በሊትር አልህና ከሥሩ አሰመርህበት። የቁጥር አሠራርህ እንከን አይወጣለትም፤ ቀመሩ ግን እንደ ሲልቨር ክሎራይድ አንድ ለአንድ ለሚከፈል ጨው የሚሠራው ነው። እዚህ ግን ለእያንዳንዱ ካልሲየም ሁለት ፍሎራይድ ይለቀቃል። የሟሟውን ኤክስ ብንለው ካልሲየሙ ኤክስ፣ ፍሎራይዱ ሁለት ኤክስ ነው፤ የፍሎራይዱ መጠን ደግሞ በራሱ ስለሚባዛ ብዜቱ አራት ኤክስ ኩብ ይሆናል። ቋሚውን ለአራት አካፍለህ ኩብ ሩቱን ስትወስድ 2.1 × 10⁻⁴ ታገኛለህ። የራስህን መልስ በብዜቱ ውስጥ መልሰህ አስገብተህ ቢሆን ኖሮ ከተሰጠህ ቋሚ አርባ ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ቁጥር ይወጣ ነበር፤ ያኔ መምህር ሳያስፈልግህ ራስህ ትነቃ ነበር።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁና ቁጥሩን እንደ ፈተና ማርክ ብቻ ማየት አልችልም። ትክክለኛው መልስ፣ ንጹሕ ውኃ ካልሲየም ፍሎራይድ እስከሚችለው ድረስ ካሟሟ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ፍሎራይድ እንደሚይዝ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በአንተ መልስ ከሄድን 0.24 ብቻ ይሆናል፤ ማለትም ሊጠጣ የማይገባውን ውኃ አሳልፈሃል።

ስለዚህ ቀመር መሸምደድ አቁም። ካልኩሌተር ከመንካትህ በፊት የተመጣጠነውን እኩልታ ጻፍ፤ ከእያንዳንዱ አዮን ሥር የመነሻውን፣ የለውጡንና የሚዛኑን መጠን አስፍር። ጠጣሩ በብዜቱ ውስጥ አይገባም። ውኃው ቀድሞውኑ ካልሲየም ካለበት የመነሻው መጠን ዜሮ አይደለምና ሟሚነቱ ይቀንሳል፤ የጋራ አዮን ጥያቄ የሚባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

አባትህን አከብራለሁ፤ ግን «አያበላም» ያሉት ውኃ የሚያጣሩትን፣ መድኃኒትና ሳሙና የሚያመርቱትን፣ የምግብ ጥራት የሚቆጣጠሩትን ሳያስቡ ነው። እነዚህ ቦታዎች ሁሉ ስሌቱን አምኖ የሚፈርም ሰው ይፈልጋሉ። የሒሳብ አያያዝም ቢሆን ከመጀመሪያው ዓመት ስለሚያስጀምርህ ወንድምህን ይበልጥ እንጂ ባነሰ አያስከፍለውም፤ ገንዘብ ነው ጉዳዩ ከተባለ ይህን አባትህ ፊት አስሉት። ሒሳብ አያያዝን ራስህ ብትወደው ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር፤ በደብዳቤህ ውስጥ ግን እንደምትወደው የሚናገር አንዲት ቃል አላገኘሁም።

እንግሊዝኛው በንባብ ይመጣል፤ የላቦራቶሪ ሪፖርት የሚጠይቀው አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ነው።

የድጋሚ ፈተናው እስኪደርስ የትምህርት ክፍል ለመቀየር ቅጽ አትሙላ። የወደቅህባቸውን ሁለቱንም ወረቀቶች ከመምህርህ ተቀበልና በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ እኩልታውን ሳትጽፍ የጀመርህበትን ቦታ ምልክት አድርግበት።