ባትሪው ከመቀየሩ በፊት የኋላ ወንበሩ ይነሣ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቶዮታ ፕሪየስ፣ በቤንዚንና በባትሪ ስለሚሠራው (ሃይብሪድ) መኪና፣ የሚጠይቁ ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በኡበር የሚተዳደሩ ብዙ ወገኖቻችን የሚነዱት እሱን ስለሆነ አይገርምም። ለአራቱ እመልሳለሁ። በመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ የቆየሁት፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሳይጣራ ገንዘቡን ሲከፍል ማየት ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ጥያቄ፦ የ2010 ሞዴል ፕሪየስ አለኝ፤ 190 ሺህ ማይል ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ተሳፋሪ ይዤ እያለ ቀዩ የሦስት ማዕዘን መብራት በራ። ከመብራቱ በፊትም ለብዙ ቀናት ከኋላ ወንበር በኩል ኃይለኛ የአየር ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አንድ ጋራዥ በኮምፒውተር አይቶ «ፒ-ዜሮ-ኤ-80 ይላል፤ የሃይብሪድ ባትሪው ሞቷል» ብሎ 2,600 ዶላር ጠየቀኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ እንጀራዬም ይኸው መኪና ነው። ልክፈል? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና አይክፈሉ። ባትሪው ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እስካሁን ያጣራልዎ ሰው የለም።

የእርስዎ መኪና ባትሪ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት የሆኑ 28 ክፍሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ኮምፒውተሩ እነዚህን ሁለት ሁለት እያደረገ በ14 ቦታ ይለካቸዋል። ከ14ቱ አንዱ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ሲቀር ያንን ኮድ ያወጣል። ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ ግን አይናገርም። እሱን የሚፈልገው መካኒኩ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከሰሙት ድምፅ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ከተሳፋሪዎቹ ክፍል የሚሳብ አየር ነው። በኋላ ወንበሩ በስተቀኝ፣ ተሳፋሪ ክንዱን የሚያሳርፍበት አካባቢ፣ ትንሽ ወንፊት የመሰለ ክዳን አለ። አየሩ የሚገባው በዚያ ነው። ተሳፋሪ ካፖርቱን ወይም ቦርሳውን ሲደግፍበት ይታፈናል። በታክሲ ሥራ ላይ ያለ መኪና ደግሞ ከሰው ልብስ፣ ከውሻ ፀጉርና ከወንበር ጨርቅ የሚረግፈውን ብናኝ ሁሉ በዚያው ይስባል። ማራገቢያውን ፈትቼ ሳወጣው ቢላዎቹ በግራጫ ባዘቶ ተጠቅልለው ክፍተታቸው እስከማይታይ የደረሰበት ጊዜ አለ። ማራገቢያው በኃይል ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ አየር ግን አያሳልፍም። ባትሪው በየቀኑ እየጋለ ያረጃል፤ መሐል ላይ ያሉት ክፍሎች ሙቀቱ ስለሚጠናባቸው አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ይደክማሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የኋላ ወንበሩ ይነሣና ማራገቢያው ወጥቶ በደረቅ ብሩሽ ይጽዳ። ወንፊቱ ላይ ማጣሪያ ካለ እሱም ይጽዳ። በዚያ ቀዳዳ የታመቀ አየር እንዳይነፉበት አደራ፤ ቆሻሻውን ወደ ባትሪው ውስጥ ይገፋዋል። ይህ ሥራ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የደከመ ክፍል ካለ ጽዳት አያድነውም፤ ነገር ግን በታፈነ ማራገቢያ ላይ አዲስ ባትሪ የሚገጥም ሰው አዲሱንም ለሙቀት አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ቀጥሎ ጋራዡን የ14ቱን ቁጥሮች አሳየኝ ይበሉት። መኪናው ቆሞ ሳይሆን ዳገት ሲወጣ የተነበቡ ይሁኑ። ሁሉም ተቀራርበው አንዱ ከአንድ ቮልት በላይ የሚወርድ ከሆነ የደከመው እሱ ነው። ከዚያ ባትሪው ተከፍቶ ክፍሎቹን የሚያያይዙት የመዳብ ቁራጮች ይታዩ። አረንጓዴ ዝገት ከያዛቸው ኮምፒውተሩ የሚያነበውም የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ጸድተው እንደገና ይለካ። ይህን ግን በቤትዎ ግቢ አይሞክሩት። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ ሁሉ የሚገድል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነው። ባለሙያውም ቢሆን የደኅንነት መሰኪያውን በጎማ ጓንት ከነቀለ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚነካው።

አንዱን ክፍል ብቻ በርካሽ እንቀይርልህ የሚሉዎትም አይጠፉም። ለእርስዎ አልመክርም። የቀሩት 27ቱ የዚያው ዘመን ናቸው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሌላው ይከተላል፤ እርስዎም በየጊዜው ከሥራ ይቀራሉ። ባትሪው በእርግጥ መሞቱ ከተረጋገጠ ሙሉውን፣ የጽሑፍ ዋስትና ካለው ሻጭ ይግዙ። የቶዮታ የባትሪ ዋስትና ለእርስዎ ሞዴል 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ስለነበር አልፏል። ከ2020 ሞዴል ወዲህ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ስለሆነ አዲስ የገዛችሁ አንባብያን ወረቀታችሁን እዩ።

ጥያቄ፦ የ2012 ፕሪየስ ከዘመዴ ገዛሁ። ጠዋት ሳስነሣው ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች በኃይል ይንቀጠቀጥና ይተወዋል። መካኒክ ካንዴላና ኮይል ቀየረልኝ፤ አልተሻለውም። የራዲያተሩ ፈሳሽም ይቀንሳል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላይም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ፈሳሹ ወደ ሲሊንደር እየገባ ይመስለኛል። ከ2010 እስከ 2015 የወጡት ባለ 1.8 ሊትር ፕሪየሶች በዚህ የታወቁ ናቸው። እኔ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ከባትሪው ይልቅ የምፈራው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው ግፊት ፈሳሹን በተበላው ጓርኒሲዮን በኩል ቀስ እያለ ወደ አንዱ ሲሊንደር ያሳልፈዋል። ጠዋት ሲነሣ ያ ሲሊንደር እርጥብ ስለሆነ አይተኩስም፤ የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው። ብዙ መካኒኮች የነገሩን መነሻ የሚያዩት የጭሱን ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተሩ በሚመልሰው መስመር ላይ ነው። የመስመሩ ማቀዝቀዣና ጋዙ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በጥላሸት ሲደፈኑ ለአንዳንዱ ሲሊንደር የሚደርሰው ጋዝ ያንሳል፤ ያ ሲሊንደርም ከሌሎቹ በላይ ይግላል።

ምርመራው ቀላል ነው። ራዲያተሩ በፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት ለብዙ ሰዓታት ይቆይ። ከዚያ ካንዴላዎቹ ወጥተው በቀዳዳው ትንሽ ካሜራ ይግባ። እርጥብ የሆነ፣ ወይም ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የነጣ ፒስቶን ከታየ ነገሩ አለቀ። እስከዚያ ድረስ ባይነዱት እመርጣለሁ፤ ፈሳሽ ስለማይታመቅ የተጠራቀመው ሲበዛ ፒስቶኑን የሚይዘውን ዘንግ (ቢየላ) ያጎብጣል፤ ያኔ ጥገናው ወደ ሙሉ ሞተር ይሄዳል። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ኬሚካልም እንዳያስጨምሩ። ጓርኒሲዮኑ ሲቀየር ቴስታታው ቀጥ ማለቱ በመሣሪያ ይለካ፤ የጋዙ ማቀዝቀዣና የመግቢያው ቀዳዳዎች በዚያው ይጽዱ። ይህን ጽዳት 100 ሺህ ማይል ሳያልፍ የሚያስደርግ ሰው ብልህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮፈኑን ሲከፍቱ የሚያዩት የፈሳሽ ዕቃ ሁለት ነው፤ አንዱ የሞተሩ፣ ሌላው የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለሞተሮቹ የሚለውጠው የኢንቨርተሩ ነው። የቀነሰው የትኛው እንደሆነ ለይተው ለመካኒኩ ይንገሩ። ፕሪየስ የሙቀት መጠን የሚያሳይ ቀስት የለውም፤ ቀዩ መብራት ሲበራ ሞተሩ አስቀድሞ ግሏል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔና ባለቤቴ ለሁለት ወር አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። የ2014 ፕሪየሳችን በራችን ላይ ይቆማል። ስንመለስ ይነሣል? (ከፎልስ ቸርች)

መልስ፦ አባባ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትልቁ ባትሪ ሁለት ወር ይችላል፤ የሚሞተው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ነው። ፕሪየስ ሞተሪኖም ዲናሞም የለውም፤ ሞተሩን የሚያስነሣው ትልቁ ባትሪ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ስለሆነ እሱ ከሞተ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም።

የሚበጀው አንድ የሚያምኑት ሰው በየሁለት ሳምንቱ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲነዳው ነው። ሰው ከሌለ ባትሪ ጠባቂ የሚባለውን ትንሽ ቻርጀር ያሰኩለት። ቁልፉን ከመኪናው ርቆ ያስቀምጡት።

ሲመለሱ ሞቶ ቢያገኙት አይደንግጡ። ትንሹ ባትሪ ከኋላ በስተቀኝ ነው፤ የኋላ በሩ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ከውጭ አይከፈትም። ከቁልፉ ውስጥ የብረቱን ቁልፍ መዝዘው የሾፌሩን በር ይክፈቱ፤ ኮፈኑን ያንሡ፤ በፊውዝ ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ክዳን ያለው ምሰሶ አለ። ከሌላ መኪና ባትሪ የሚመጣው አዎንታዊ ገመድ እዚያ ላይ፣ አሉታዊው በሞተሩ ክፍል ባለ ባዶ ብረት ላይ ይታሰራል። ገመዶቹ ከተቀያየሩ ኢንቨርተሩን ድረስ ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ፣ በምሽት ከሆነ በእጅ መብራት አይታችሁ እሰሩ። መልካም መንገድ፣ ለእናታችንም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ጥያቄ፦ ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ኤሲውን ከፍቼ ማርሹን ኤን (ኒውትራል) ላይ አድርጌ እቆያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ባትሪህን እየጎዳህ ነው አለኝ። እውነት ነው? (ከስተርሊንግ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። ኤን ላይ እያለ ሞተሩ ቢሠራም ትልቁ ባትሪ አይሞላም፤ ኤሲው ግን መጠጣቱን አይተውም። ፒ ላይ ያድርጉት፣ ሬዲ የሚለው መብራት በርቶ ይቆይ። ባትሪው ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ተነሥቶ ሞልቶት ይጠፋል። በበጋ ሙቀት ሲጠብቁም ኤሲውን አይዝጉት፤ ከኋላ ያለውን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው እርስዎን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው።