ራሽንና የልጆች ቁመት፦ ጠይቁኝ

ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ሥራዬ የሕፃናት ሥነ ምግብ። በዕቅድ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ምርቱንና ዋጋውን መንግሥት በሚወስንበት ሥርዓት ዘመን የነበረው የምግብ እጥረት በልጆች እድገት ላይ ያደረሰውን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ከአራት ኪሎ፦ አባታችን ዘንካታ ነው፣ እኛ ልጆቹ አጫጭር ነን። የደርግ ራሽን ነው ያሳጠረን?

በአንድ ቤተሰብ አይፈረድም፤ የዘርም ድርሻ አለበት። እውነቱ የሚታየው ብዙ ሰው ሲለካ ነው። ቻይና ውስጥ በታላቁ ረሃብ መካከል በ1959 እ.ኤ.አ. የተወለዱት፣ ረሃቡ ባይደርስባቸው ኖሮ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝሙ እንደነበር ተሰልቷል። በእኛ ገጠርም በ1977ቱ ረሃብ ከ1 እስከ 3 ዓመት የነበሩ ልጆች አድገው ሲለኩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል። በእኛ አገር ግን ድርቅና ጦርነትም ነበር፤ ሁሉን በዕቅዱ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም።

ከካዛንቺስ፦ አዲስ አበባ ጤፍ በቀበሌ ይታደል አልነበር? ታዲያ ልጅ እንዴት ይቀነጭራል?

ይታደል ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ይገዛል፤ እኛም በቀበሌ ሱቅ በርካሽ እናገኛለን። ገበሬው ግን አብዝቶ ለማምረት ምን ያተጋዋል? እህል እንደልብ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር አይዘዋወርም። አክስቴ ከጎጃም ለእኛ ያመጣችው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ኬላ ላይ ተወርሶባት እያለቀሰች መግባቷን አልረሳም። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ከመንግሥት ጎን የግሉም የሚሠራበት ሥርዓት፣ ሲታወጅ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ የራሽን ደብተሩ ቤተሰቡን በነፍስ ወከፍ ይቆጥራል እንጂ ጡት እየተወ ያለውን ሕፃን ለይቶ አያይም። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ሆዱ ትንሽ፣ ፍላጎቱ ትልቅ ነው። ጤፍና ስኳር አጥንቱን አያስረዝሙትም፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ ይሻል።

የዕቅድ ኢኮኖሚ ሁሉ እንዲህ ነበር?

አልነበረም። ኩባ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሽን ኖራለች፤ ወተቱን ግን ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አስቀደመች። ሰሜን ኮሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲለካ ከ100 ሕፃናት 62ቱ ቀንጭረው ነበር። እጥረት ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለው ውሳኔ ብዙ ይለያል።

በኋላ ማካካስ ይቻላል?

በከፊል። ከሁለት ዓመት በፊት የጎደለው ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

ልጄ፣ እኔ ያኔ ልጆቼን በአጥሚት ነው ያሳደግሁ። በደልኳቸው ይሆን?

የለም እማማ፣ ያለዎትን ነው የሰጡ። ቀጭን አጥሚት ሆድን በውኃ ስለሚሞላ ለልጅ ልጆችዎ ወፈር ያለ ገንፎ ይሥሩላቸው፤ የሽምብራ ዱቄት ይቀላቅሉበት፣ ከተገኘም እንቁላል ይምቱበት።