ኢአርፒ ወደ ክላውድ ሲወጣ የክፍያ ቢሉ የሚያብጠው በየት በኩል ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አራት ቅርንጫፍ ያለው አከፋፋይ ድርጅት፣ ባረጀ አንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ኢአርፒ (ሽያጭ፣ ዕቃና ሂሳብ የሚመራ ሶፍትዌር)፣ 400 ጊጋባይት የደረሰ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ። አለቃህ «ክላውድ እንግባ»፣ ማለትም ሰርቨር በኢንተርኔት እንከራይ፣ ብለዋል፤ አንተ ደግሞ «አማዞን ወይስ አዙር (የማይክሮሶፍቱ ክላውድ)? ፍራንክፈርት ወይስ ኬፕታውን?» እያልክ ነው። እስካሁን የተሰጡህ መልሶች የድርጅት ስም ከመጥራት አላለፉም። ስም ከመጠራቱ በፊት ሁለት ነገር ይጣራል። ብሩን የሚበላው ግን ሦስተኛው፣ የመረጃው መንገድ ዋጋ፣ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

1. ላይሰንስ። በእጃችሁ ያለው የኤስኪውኤል ሰርቨር ላይሰንስ ሶፍትዌር አሹራንስ (የማይክሮሶፍት የድጋፍና የማሻሻያ ውል) አለው? ካለው አዙር ላይ ሃይብሪድ ቤኔፊት በሚባለው በኩል ላይሰንሱን ይዘህ ትገባለህ፣ ሚዛኑም ወደ አዙር ያደላል። ከሌለው የትም ብትሄድ ከማሽኑ ጋር በሰዓት ትከራየዋለህ። ዝቅተኛው ሂሳብ የ4 ኮር ነው፤ ባለ 2 ኮር ማሽን በመምረጥ ላይሰንስ አይቆጠብም። ውዱ ኢንተርፕራይዝ እትም ከተጫነላችሁ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። የ2022ቱ ስታንዳርድ እስከ 24 ኮርና 128 ጊጋባይት ሜሞሪ ይጠቀማል፤ ለእናንተ ይተርፋል።

2. ርቀት። ኢአርፒው በየሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ዳታቤዙን በቀጥታ የሚጠራ ዓይነት ከሆነ፣ ዳታቤዙን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ሥራ ማስቆም ነው። አንድ የሽያጭ ገጽ ሲከፈት 200 ጥያቄ ተራ በተራ ይልካል እንበል። የአንዱ ጥያቄ ደርሶ መልስ 120 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ገጹ የሚከፈተው በ24 ሰከንድ ነው። ቢሮ ውስጥ ደርሶ መልሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ስለነበር ማንም ልብ አላለውም። ሰፋ ያለ ኢንተርኔት መግዛት ይህን አይፈታውም፤ የመስመሩ ስፋት ሌላ፣ የመንገዱ ርዝመት ሌላ። አፕሊኬሽኑንም ዳታቤዙንም እዚያው ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሠራተኛው በሪሞት ዴስክቶፕ ወይም በብሮውዘር እንዲገባ አድርግ። የጥያቄውን ብዛት አትገምት፤ ኤክስቴንድድ ኢቨንትስ (የኤስኪውኤል ሰርቨር የራሱ መመዝገቢያ) ከፍተህ አንድ ሽያጭ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መዝግብና ቁጠር።

ሪጅን፣ ማለትም የክላውዱ ዳታ ሴንተሮች ያሉበት አካባቢ፣ በካርታ አይመረጥም። ኬፕታውን አፍሪካ ውስጥ ስለሆነ ብቻ ለአዲስ አበባ ይቀርባል ማለት አይደለም፤ ፓኬቱ የሚሄደው ገመዱ በተዘረጋበት ነው። ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ከየቅርንጫፉ ለካ። ዋጋውም ይለያያል፦ በአማዞን መረጃ ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ፍራንክፈርት ላይ ለመጀመሪያው 10 ቴራባይት በጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን ኬፕታውን ላይ ከ15 ሳንቲም ይበልጣል።

ይህ ነው ወደ ሦስተኛው የሚያስገባን። ሻጮች የሚሰጡህ የዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ማሽንና ዲስክ ብቻ ይጻፋል። ይህን አሠራር አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዋጋ ሲሰጥ የመረጃው መንገድ ዋጋ የማይጻፍበት ምክንያት የለም። የመጀመሪያው ወር ቢል ሲመጣ ማብራሪያ የሚጠየቀው ሻጩ ሳይሆን አንተ ነህ።

የአማዞንን አሠራር እይ። የዳታቤዝ ማሽኑ ፕራይቬት ሳብኔት (ከኢንተርኔት በቀጥታ የማይደረስበት የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ይቀመጣል፤ ትክክል ነው። ወደ ውጭ እንዲወጣ ናት ጌትዌይ የሚባል መውጫ በር ይተከልለታል። ፍራንክፈርት ላይ ናት ጌትዌይ በሰዓት 5.2 ሳንቲም፣ በላዩ ላይ ለሚያልፍበት ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ሌላ 5.2 ሳንቲም ያስከፍላል። በየማታው 100 ጊጋባይት የተጨመቀ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ወደ ኤስ3፣ ወደ አማዞን የፋይል ማከማቻ፣ ብትልክ በወር 3,000 ጊጋባይት፣ ማለትም 156 ዶላር በዚያ በር ያልፋል። ባክአፑ ከሪጅኑ ንቅንቅ ሳይል!

መድኃኒቱ ነጻ ነው። ቪፒሲ (አማዞን ውስጥ ያለው የራስህ ኔትወርክ) ገጽ ላይ ኤንድፖይንትስ ውስጥ ግባ፣ አዲስ ፍጠር፣ ኤስ3ን ምረጥ፣ ዓይነቱን ጌትዌይ አድርግ፣ ከዚያ የፕራይቬት ሳብኔቱን ራውት ቴብል (ትራፊኩ በየት እንደሚሄድ የሚወስነውን ሰንጠረዥ) ምልክት አድርግበት። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን የመጨረሻዋን ምልክት ነው። ኤንድፖይንቱ ተፈጥሮ ይታያል፣ ትራፊኩ ግን በናቱ መሄዱን ይቀጥላል። ባኬቱ (ባክአፑ የሚገባበት የኤስ3 መያዣ) ሌላ ሪጅን ውስጥ ከሆነም አይሠራም። በማግስቱ የናት ጌትዌዩን የወጪ ባይት ግራፍ ክፈት፤ የማታው ጉብታ ካልጠፋ ራውት ቴብሉን እንደገና እይ። አዙር ላይ ናት ጌትዌይ ብትተክል ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ለስቶሬጅ ሰርቪስ ኤንድፖይንት በሳብኔቱ ላይ ታበራለህ።

እዚያው ሳለህ፦ ክላውድዋች በሚባለው የአማዞን መከታተያ የሚጠራቀም ሎግ ካላዘዝከው በቀር አይጠፋም፣ ማቆያውን 30 ቀን አድርገው። አዙር ላይ ማሽንን ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ «ሻት ዳውን» ማለት ክፍያውን አያቆምም፤ ከፖርታሉ «ስቶፕ» ተብሎ ዲአሎኬትድ (ማሽኑ ተለቋል) የሚል መነበብ አለበት። የበጀት ማስጠንቀቂያ ኢሜይል ይልካል እንጂ ወጪ አይገታም፤ የሚያየውም የሰዓታት መዘግየት ያለበትን ቁጥር ነው።

በጀቱን በዶላር ያዝ። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። አንድ ሰርቨር ያልጨመረ ድርጅት የብር ቢሉ ከእጥፍ በላይ ሆነበት ማለት ነው። ክፍያው በየትኛው ካርድና በማን ፈቃድ እንደሚፈጸም ከባንካችሁ ጋር በጽሑፍ ሳትጨርስ ዳታቤዙን አታንቀሳቅስ፤ ክፍያ ተቋርጦ ከቀጠለ መለያው ይታገዳል፣ ኢአርፒውም አብሮ ይቆማል። የአንድ ዓመት ቅናሽ ውልም ቢያንስ የሁለት ወር አጠቃቀም ሳታይ አትፈርም፤ ከፈረምክ በኋላ ማሽኑን ብታጠፋውም ክፍያው አይቀርም።

የደንበኛና የሠራተኛ ስም፣ ስልክ፣ ደመወዝ ዳታቤዙ ውስጥ ካለ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የሕግ ክፍላችሁ አስቀድሞ ያንብበው፤ መረጃን ከአገር ማውጣት ቅድመ ሁኔታ አለው። መልሱ «አይወጣም» ከሆነ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉ የሚባሉ ድርጅቶች ዳታ ሴንተር አላቸው፣ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። ያኔ የርቀቱም ጣጣ በእጅጉ ይቀላል።

ለማሻገሩ፣ በ20 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት 400 ጊጋባይት 44 ሰዓት ይፈጃል። በኮምፕሬሽን የተወሰደ ባክአፕ 100 ጊጋባይት ከሆነ 11 ሰዓት። ስለዚህ ሙሉውን ባክአፕ ሐሙስ ማታ ላክና እዚያ በ«ኖሪከቨሪ»፣ ማለትም ተጨማሪ ባክአፕ እንዲቀበል ሳይከፈት፣ መልሰው። ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲዘጋ ዲፈረንሻሉን (ከሙሉው ባክአፕ ወዲህ የተለወጠውን)፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ሎግ ባክአፕ ጨምረህ ክፈተው። አሮጌውን ሰርቨር ሪድ ኦንሊ አድርገህ አንድ የወር መዝጊያ ሂሳብ እስኪያልፍ አትንካው።

አሁን የጎደለኝ ሁለት ቁጥር ነው፦ አንድ ሽያጭ ስንት ጥያቄ እንደሚልክና ከአራቱ ቅርንጫፎች ወደ ሁለቱም ሪጅን የለካኸው ደርሶ መልስ። የላይሰንሱን ሁኔታ ጨምረህ እዚሁ ጻፍልኝና የማሽኑን መጠን አብረን እናወጣለን።